ትሪግቬ ሊና ሁለቱ የክርክር ዓይነቶች

ኖርዌያዊው ትሪግቬ ሊ ስማቸው የሚነሣው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የመጀመሪያው ዋና ጸሐፊ በመሆናቸው ነው። ከዚያ በፊት ግን ለ13 ዓመታት የኖርዌይ ሠራተኛ ማኅበራት ማዕከላዊ ድርጅት የሕግ አማካሪ ነበሩ፤ ከዚያ በኋላም በአገራቸው የመንግሥት ሹም ሆነው ወረቀት ሲያገላብጡና ሲፈርሙ ኖረዋል። የሕይወት ታሪካቸው ብዙውን ጊዜ ከመካከሉ ተጀምሮ እዚያው መካከሉ ላይ ያልቃል። ዓለም አቀፉን ሥራቸውን፣ የተሳካውንም የከሸፈውንም፣ በቅጡ ለመረዳት ግን ከሠራተኛ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት መነሣት ያስፈልጋል ብዬ አምናለሁ፤ እዚያ ለዓመታት የሠሩበት አንድ የሕግ ልዩነት እስከ ሽምግልናቸው፣ እንዲያውም እስከ ኢትዮጵያና ሶማሊያ ድንበር ድረስ ተከትሏቸዋልና። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሊ የተወለዱት በ1896 ዛሬ ኦስሎ በምትባለው በክሪስቲያኒያ ከተማ ነው። አባታቸው አናጢ ነበሩ፤ ልጃቸው ገና ትንሽ ሳለ ሥራ ፍለጋ ወደ አሜሪካ ሄዱ፤ እናታቸውም ድንጋይ ጠራቢዎችና የባቡር ሠራተኞች በሚኖሩበት በግሮሩድ ሠፈር እንግዳ እያሳደሩና ምግብ እያበሰሉ ልጆቻቸውን አሳደጉ። ሊ በ1911፣ ገና በ15 ዓመታቸው ግድም፣ የሠራተኛ ፓርቲ አባል ሆኑ። ሕግ ተምረው በ1919 ከተመረቁ በኋላ በፓርቲው ጽሕፈት ቤት ጥቂት ሠሩና በ1922 የማኅበራቱ ማዕከላዊ ድርጅት የሕግ አማካሪ ሆነው ተቀጠሩ።

የዚህን ሥራ ክብደት ለመረዳት የኖርዌይ ሕግ የሥራ ክርክርን ለሁለት የሚከፍልበትን መንገድ ማወቅ ይገባል። አንደኛው የመብት ክርክር፣ ሁለተኛው የጥቅም ክርክር ይባላል። ሲሰሙት ተራ የቃል ልዩነት ይመስላል፤ ነገር ግን የአገሪቱ የኢንዱስትሪ ሰላም በሙሉ የቆመው በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

ልዩነቱን በምሳሌ እንየው። በአንድ የወረቀት ፋብሪካ ሠራተኞችና አሠሪው የኅብረት ስምምነት ተፈራርመዋል እንበል፤ በስምምነቱም ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ለሚሠራ ሥራ ተጨማሪ ክፍያ እንደሚከፈል ተጽፏል። አንድ ምሽት ማሽኑ ይበላሻል፤ ሠራተኞቹም ጥገናው እስኪያልቅ ድረስ ሦስት ሰዓት ሙሉ ከማሽኑ አጠገብ ይቆማሉ። ደመወዝ ሲደርስ አሠሪው «ያን ሦስት ሰዓት አልሠራችሁም፣ ቆማችሁ ነበር» ይላል፤ ሠራተኞቹ ደግሞ «የቆምነው እናንተ ቁሙ ስላላችሁን ነው፤ ይህም ሥራ ነው» ይላሉ። እዚህ ላይ አዲስ ነገር የጠየቀ ወገን የለም። የሚከራከሩት ሁለቱም በፈረሙት ወረቀት ላይ ያለች «ሥራ» የምትል ቃል ምን ማለት እንደሆነች ነው። ይህ የመብት ክርክር ነው። የሚዳኘውም የሥራ ፍርድ ቤት ነው፤ ስምምነቱ እስካለ ድረስ በቃሉ ትርጉም ምክንያት አድማ መምታትም ሆነ ፋብሪካውን መዝጋት የተከለከለ ነው።

አሁን ደግሞ የዚያ ስምምነት ዘመን አልቋል እንበል። ሠራተኞቹ ኑሮ ተወዷልና የሌሊት ክፍያው ይጨመር ይላሉ፤ አሠሪው ገበያ ተቀዛቅዟልና አልጨምርም ይላል። ጭማሪው በየትኛውም ወረቀት ላይ ስላልተጻፈ ዳኛ አንብቦ የሚፈርደው ነገር የለም። ይህ የጥቅም ክርክር ነው። እዚህ ላይ ሕጉ የሚያዝዘው ሁለቱ ወገኖች በመንግሥት አስታራቂ ፊት እንዲቀመጡ ነው፤ ሽምግልናው ካልሠመረ ግን ሠራተኛው ሥራ የማቆም፣ አሠሪውም የመዝጋት መብት አለው። በአጭሩ፣ የተጻፈው ነገር በዳኛ፣ ያልተጻፈው በድርድርና በጉልበት ይፈታል ማለት ነው።

ይህ ሥርዓት የተደነገገው በ1915 በወጣው የሥራ ክርክር ሕግ ሲሆን፣ የሥራ ፍርድ ቤቱ ልዩ ባሕርይ ከዳኞቹ ጎን የሠራተኛውና የአሠሪው ወገኖች ያቀረቧቸው ሰዎች አብረው መቀመጣቸው ነው። የማኅበራቱ የሕግ አማካሪ ሥራም እዚህ ላይ ወሳኝ ይሆናል። ከአገሪቱ ዳር እስከ ዳር የሚመጣው አቤቱታ ሁሉ መጀመሪያ እሳቸው ጠረጴዛ ላይ ያርፋል፤ «ይህ በፈረምነው ውስጥ አለ ወይስ ገና የምንታገልለት ነው?» የሚለው ጥያቄ በየቀኑ ይጠየቃል። መልሱ ከተሳሳተ ማኅበሩ ሕገ ወጥ አድማ ውስጥ ይገባና ካሣ ይከፍላል፤ ወይም ደግሞ በጉልበት ማግኘት የሚችለውን ነገር በፍርድ ቤት ሲለምን ይከርማል።

ሊ ይህን የሠሩት በክፉ ዘመን ነው። በ1931 አሠሪዎች 60 ሺህ የሚያህሉ ሠራተኞችን ከሥራ ውጭ ያደረገ ታላቅ የሥራ መዝጋት አካሄዱ፤ በዚያው ዓመት ሰኔ ውስጥ በሜንስታድ ሠልፈኞችና ፖሊሶች ተጋጩ፤ የያኔው የመከላከያ ሚኒስትር ቪድኩን ክቪስሊንግም ወታደር ላኩ። አገሪቱ እንደዚያ መቀጠል እንደማትችል ለሁለቱም ወገኖች ግልጽ እየሆነ መጣ። በመጨረሻም መጋቢት 9 ቀን 1935 የማኅበራቱ ማዕከላዊ ድርጅትና የአሠሪዎች ማኅበር «ዋናው ስምምነት» የተባለውን ውል ፈረሙ። ይህ ውል የደመወዝ ውል አይደለም። እንዴት እንደምንደራደር፣ የሠራተኛ ተወካይ ምን መብት እንዳለው፣ አለመግባባት ሲነሣ በየትኛው መንገድ እንደሚሄድ የሚወስን ውል ነው፤ በሌላ አነጋገር ስለ መጣላት አኳኋን የተደረገ ስምምነት ነው። ስለ ኖርዌይ ሰላማዊ የሥራ ግንኙነት ሲወራ በሕዝቡ ጠባይ የሚያመካኙ አሉ፤ እኔ ግን ከሜንስታድ ግጭት እስከ ዋናው ስምምነት ያሉት አራት ዓመታት እንኳ ያልሞሉ ጊዜያት ነገሩ የጠባይ ሳይሆን የሥርዓት መሆኑን ያሳያሉ እላለሁ።

ዋናው ስምምነት በተፈረመ በ11 ቀኑ ዮሃን ኒጎርድስቮልድ የሠራተኛ ፓርቲን መንግሥት መሠረቱ፤ የ38 ዓመቱ ሊም የፍትሕ ሚኒስትር ሆኑ። ከዚህ ዘመናቸው ሳይነገር መታለፍ የማይገባው የሌዮን ትሮትስኪ ጉዳይ ነው። ትሮትስኪ በ1935 ጥገኝነት አግኝተው ወደ ኖርዌይ ገቡ። በነሐሴ 1936 በሞስኮ የፖለቲካ ችሎት ሲከፈትና የሶቪየት መንግሥት ጫናውን ሲያበረታ፣ የኖርዌይ መንግሥት እሳቸውንና ባለቤታቸውን በጥበቃ ሥር አዋለ። ነባሩ ሕግ ይህን ስለማይፈቅድ አዲስ ድንጋጌ ወጣ። ከዚያም ትሮትስኪ ስማቸውን ያጠፉትን ሰዎች በኖርዌይ ፍርድ ቤት ለመክሰስ ሲነሡ ያንን የሚከለክል ሌላ ድንጋጌ ተከተለ፤ በታኅሣሥም በመርከብ ወደ ሜክሲኮ ተሸኙ። አንዲት ትንሽ አገር ኃያል ጎረቤት ሲጫናት ምርጫዋ ጠባብ መሆኑ እውነት ነው። ሆኖም 13 ዓመት ሙሉ «የተጻፈው በዳኛ ፊት ይታይ» ብለው የተከራከሩ ሰው የፍርድ ቤቱን በር በአንድ ሰው ላይ እንዲዘጋ ማድረጋቸው ከሥራ ዘመናቸው ሁሉ የከፋው ጥፋት ይመስለኛል።

ጀርመን ሚያዝያ 9 ቀን 1940 ኖርዌይን ስትወርር ሊ የአቅርቦት ሚኒስትር ነበሩ። የኖርዌይ የንግድ መርከቦች በዚያን ጊዜ በዓለም ታላላቅ ከሚባሉት ኃይሎች አንዱ ነበሩ፤ በባሕር ላይ ያሉት መርከቦች ለጀርመን እጅ እንዳይሰጡና ወደ ተባባሪዎቹ ኃይሎች ወደቦች እንዲያመሩ በማድረግ ረገድ የእሳቸው ድርሻ ትልቅ ነው። ከ1,000 የሚበልጡ መርከቦች በለንደን በተቋቋመው ኖርትራሺፕ በተባለ ድርጅት ሥር ሆነው ነዳጅና እህል ሲያጓጉዙ ቆዩ። መንግሥቱ ራሱ በሰኔ ወር ወደ ለንደን ተሰደደ፤ ሊም እዚያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ።

በ1945 የሳን ፍራንሲስኮ ጉባኤ የኖርዌይን ልዑካን መርተው የጸጥታው ምክር ቤትን የሚመለከቱትን የቻርተሩን ክፍሎች ያረቀቀውን ኮሚሽን በሊቀ መንበርነት መሩ። በየካቲት 1946 ዋና ጸሐፊ ሆነው የተመረጡት ግን የማንም የመጀመሪያ ምርጫ ሆነው አልነበረም። አሜሪካኖች ካናዳዊውን ሌስተር ፒርሰንን ይፈልጉ ነበር፤ ሶቪየቶች ደግሞ ዋና ጸሐፊው ከሰሜን አሜሪካ እንዲሆን አልፈለጉም፤ ሊ ሁለቱም ወገኖች ሊቀበሏቸው የሚችሉ ሰው ሆነው ተገኙ።

እዚህ ላይ የሠራተኛ ማኅበሩን ትምህርት ከዓለም መድረክ ጋር እናስተያየው። በኖርዌይ ሥርዓቱ የሠራው ሦስት ነገሮች በአንድነት ስለነበሩ ነው፤ ሁለቱም ወገኖች የፈረሙት ጽሑፍ፣ ጽሑፉን የመተርጎም ሥልጣን ያለው ፍርድ ቤት፣ እና ፍርዱን የሚያስፈጽም መንግሥት። በተባበሩት መንግሥታት የመጀመሪያው ብቻ በሙላት አለ። ቻርተሩ ተፈርሟል፤ ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ግን አገሮች ፈቅደው ካልቀረቡ በስተቀር አይዳኝም፤ አስፈጻሚ የሆነው የጸጥታው ምክር ቤት ደግሞ ከአምስቱ ቋሚ አባላት አንዱ እምቢ ካለ እጁ ይታሰራል። ስለዚህ እያንዳንዱ የመብት ክርክር ወዲያውኑ ወደ ጥቅም ክርክር ይለወጣል፤ በጽሑፉ የጀመረው ሙግት በጉልበት ሚዛን ይጨረሳል።

ሊ ግን እንደለመዱት በጽሑፉ ለመሥራት ሞከሩ። በ1950 መጀመሪያ ሶቪየት ኅብረት የቻይና ወንበር ለቤጂንግ መንግሥት ካልተሰጠ አልቀመጥም ብላ ምክር ቤቱን ጥላ በወጣች ጊዜ፣ አንድን መንግሥት እውቅና መስጠትና ያ መንግሥት አገሩን በድርጅቱ ውስጥ እንዲወክል መቀበል በሕግ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው የሚል ማስታወሻ አቀረቡ፤ ይህም ዋሽንግተንን አላስደሰተም። በሰኔ የሰሜን ኮሪያ ጦር ወደ ደቡብ ሲሻገር ደግሞ ድርጊቱ ቻርተሩን የሚጥስ መሆኑን በምክር ቤቱ ፊት በግልጽ ተናገሩ፤ ይህ ደግሞ ሞስኮን እስከ መጨረሻው አስቆጣ። የሥራ ዘመናቸው ሊያልቅ ሲል ሶቪየቶች ድምፅን በድምፅ በመሻር መብታቸው ዳግም እንዳይመረጡ አገዱ፤ ጠቅላላ ጉባኤው በ46 ድምፅ ድጋፍ፣ በ5 ተቃውሞና በ8 ድምፀ ተአቅቦ ለሦስት ዓመት አራዘመላቸው። ከዚያ ወዲህ የሶቪየት ልዑካን እንደ ዋና ጸሐፊ አልቆጠሯቸውም። አንደኛው ወገን የማያውቀው አስታራቂ ምን ያህል ሊሠራ እንደሚችል ከሠራተኛ ማኅበር የመጣ ሰው ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ በኅዳር 1952 ሥራቸውን እንደሚለቁ አስታወቁ።

በእነዚያ ዓመታት የተፈጸመ አንድ ሌላ ነገር ከኮሪያው ያነሰ ትኩረት ያገኛል፤ ለእኔ ግን ይበልጥ የሚያሳስበው እሱ ነው። በአሜሪካ ኮሚኒስቶችን የማደን ዘመቻ በተጧጧፈበት ጊዜ፣ በኒው ዮርኩ ዋና መሥሪያ ቤት የሚሠሩ አሜሪካውያን በሴኔት ንኡስ ኮሚቴ ፊት እየተጠሩ ተመረመሩ። አንዳንዶቹ ሕገ መንግሥታዊ መብታቸውን ጠቅሰው ጥያቄ አንመልስም አሉ። ሊም እነዚህን ሠራተኞች አሰናበቱ። የተሰናበቱት አቤት ያሉት በ1949፣ በሊ ዘመን፣ ለድርጅቱ ሠራተኞች በተቋቋመው የአስተዳደር ፍርድ ቤት ነው። የክርክሩ ፍሬ ነገር ከወረቀት ፋብሪካው ምሳሌ የተለየ አይደለም፤ የቅጥር ውሉና የሠራተኞች ደንብ ሠራተኛን በየትኛው ምክንያት ማሰናበት ይፈቅዳሉ የሚል ንጹሕ የመብት ክርክር ነው። ፍርድ ቤቱ በ1953 ለብዙዎቹ ፈረደላቸው። አሜሪካ ካሣው አይከፈልም ብላ ስለተቃወመች ጉዳዩ ወደ ሄግ ሄደ፤ ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤትም ሐምሌ 13 ቀን 1954 በሰጠው የምክር አስተያየት ጠቅላላ ጉባኤው ለ11 ሰዎች የተፈረደውን፣ በድምሩ ከ179 ሺህ ዶላር በላይ የሆነውን ካሣ አልከፍልም የማለት መብት እንደሌለው አረጋገጠ። ዛሬ በዓለም አቀፍ ድርጅቶች የሚሠሩ ሰዎች፣ በአዲስ አበባ ያሉትንም ጨምሮ፣ አሠሪያቸውን ገለልተኛ ዳኛ ፊት ማቆም እንደሚችሉ ከሚያረጋግጡት መሠረቶች አንዱ ይህ አስተያየት ነው። የሠራተኛውን መብት ያጸናው ፍርድ የተገኘው ግን በቀድሞው የሠራተኞች ጠበቃ ውሳኔ ላይ በቀረበ አቤቱታ ነው።

ሚያዝያ 9 ቀን 1953 ዳግ ሐመርሾልድ በኒው ዮርክ አይድልዋይልድ አውሮፕላን ጣቢያ ሲደርሱ ተሰናባቹ ሊ በቦታው ተገኝተው ተቀበሏቸው። ለተተኪያቸው የነገሯቸው ቃል እስከ ዛሬ ይጠቀሳል፤ የሚረከቡት ሥራ በዚህ ምድር ላይ እጅግ የማይቻለው ሥራ መሆኑን ነበር የነገሯቸው።

ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1955 የኦስሎና የአከርስሁስ ፊልከስማን ሆኑ። ፊልከስማን በንጉሡና በካቢኔው የሚሾም፣ በአንድ የአስተዳደር ክልል ውስጥ ማዕከላዊውን መንግሥት የሚወክል ሹም ነበር፤ ከ2021 ወዲህ መጠሪያው ተለውጧል። ሕዝብ አይመርጠውም ነበር፤ የማዘጋጃ ቤቶችን በጀት ሕጋዊነት ይመረምር ነበር፤ በማዘጋጃ ቤት ውሳኔ ቅር የተሰኘ ዜጋ ይግባኝ የሚለው ወደ እሱ ነበር፤ በዚያ ዘመን ባልና ሚስት ተለያይተው ለመኖር ፈቃድ የሚያወጡትም ከእሱ ጽሕፈት ቤት ነበር። ከዓለም መድረክ ለመጣ ሰው ዝቅ ያለ ሥራ ይመስላል። ልብ ብሎ ላየው ግን በሊ ዕድሜ ውስጥ ለሠለጠኑበት ሙያ ይህን ያህል የተስማማ ወንበር አልነበረም፤ ሕጉ ተጽፏል፣ አቤቱታው ቀርቧል፣ የሚወሰነው ነገርም ይፈጸማል።

የኢትዮጵያ ጉዳይ የመጣው እዚህ ቦታ ላይ ሳሉ ነው። ጣሊያን ሶማሊያን በተባበሩት መንግሥታት ሞግዚትነት ለአሥር ዓመት ስታስተዳድር ከኢትዮጵያ ጋር ያለው ድንበር አልተካለለም ነበር። በእጅ የነበረው ዋና ሰነድ በግንቦት 1908 አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው ውል ነው። ይህ ውል ከዌብ ሸበሌ ወንዝ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ያለው መስመር በ1897 በተስማሙበት እንዲሄድ ይላል፤ ያ የ1897 መስመር የተሰመረበት ካርታ ግን በኋላ ሊገኝ አልቻለም። ውሉ ደግሞ በባሕሩ ወገን ያሉ ጎሣዎች ግዛት ለጣሊያን፣ ኦጋዴን በሙሉና በኦጋዴን ወገን ያሉ ጎሣዎች ግዛት ለኢትዮጵያ ይሆናል ይላል። ከብቱን እየነዳ በክረምት አንዱ ጋ፣ በበጋ ሌላው ጋ የሚያድር ሕዝብ በየትኛው «ወገን» እንዳለ ከዚህ ጽሑፍ ማንበብ ቀላል አልነበረም።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ጉዳዩ በሕግ ባለሙያዎች የግልግል ጉባኤ እንዲታይ ወሰነ። ነገር ግን ጉባኤው መጀመሪያ የሚመልሰው ጥያቄ ተጽፎ ሊሰጠው ይገባል፤ ክርክሩ የተቆለፈውም በዚህ ላይ ነው። ኢትዮጵያ የ1908ቱ ውል ይተርጎም፣ ይፈጸም፣ ከዚያ አይለፍ አለች። ሌላው ወገን ጉዳዩ ከዚህ ሰፋ ብሎ እንዲታይ ፈለገ። አንባቢ እንደሚገነዘበው ይህ ያው የቀድሞው መጋጨት ነው፤ አንዱ የመብት ክርክር ነው ሲል ሌላው የጥቅም ክርክር ነው ይላል፤ ማን ሊዳኘው እንደሚችል ከመወሰኑ በፊት ዓይነቱ ራሱ አከራከረ። ጠቅላላ ጉባኤው ወገኖቹ ካልተስማሙ የኖርዌይ ንጉሥ አንድ ገለልተኛ ሰው እንዲሰይሙ ጠይቆ ስለነበር ንጉሥ ኦላቭ አምስተኛ ሊን ሰየሙ።

ሊ በ1959 የሁለቱን ወገኖች ሐሳብ ሰምተው ለግልግሉ ጉባኤ የሚቀርበውን ጥያቄ አረቀቁ። ረቂቁ ተቀባይነት አላገኘም። በዚህ ሊ ይወቀሱ ዘንድ የሚገባ አይመስለኝም። በወረቀት ፋብሪካው ምሳሌ ሁለቱም ወገኖች «ይህ በስምምነቱ ውስጥ ያለ ነገር ነው» በሚለው ላይ ተስማምተው ነው ፍርድ ቤት የሚሄዱት፤ በአዲስ አበባና በሞቃዲሾ መካከል ግን 1935ን የመሰለ ዋና ስምምነት አልነበረም፤ በስድስት ወር ውስጥ ነጻ የምትሆነው ሶማሊያ ቅኝ ገዢዋ በፈረመው ውል እንድትታሰር መጠበቅ፣ ኢትዮጵያም በእጇ ያለውን ብቸኛ ፊርማ አሳልፋ እንድትሰጥ መጠበቅ ሁለቱም ከባድ ነበር።

ሊ ወደ ፊልከስማንነታቸው ተመለሱ። በ1963 የኢንዱስትሪ ሚኒስትር፣ ቀጥሎም እስከ 1965 የንግድ ሚኒስትር ሆነው፣ በታኅሣሥ 30 ቀን 1968 በተራራማዋ ጋይሎ ከተማ በልብ ሕመም ሞቱ። ሶማሊያ ሐምሌ 1 ቀን 1960 ነጻነቷን ስታውጅ የግልግሉ ጉባኤ አንድም ቀን አልፈረደም። እንግሊዞች በ1950 ሲወጡ ለጊዜው ብለው ያሰመሩት የአስተዳደር መስመር ባለበት ቀረ፤ በብዙ ካርታዎች ላይም ዛሬ ድረስ ከሌሎቹ ድንበሮች በተለየ በተቆራረጠ መስመር ይሣላል።